በማለዳ፣ ሦስት ሆነን

ጋዜጠኝነት ስጀምር መጀመሪያ የተማርኩት ስም መጠየቅ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ሰዓት። እነዚህ ከሌሉት ዜና አይደለም እያልኩ ከእኔ ጋር የሠሩትን ሁሉ አሰልችቻለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን ስም የለም። ቦታውም ሰዓቱም ትክክል ነው። ስሙን የከለከሉኝ ሁለት ሴቶች ናቸው። ለምን እንደከለከሉኝ የገባኝ ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የገባኝም በራሴ ጥፋት ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ በወር አንድ ጊዜ የሚወጣ የአማርኛ ጋዜጣ ነበረኝ። አዘጋጁም፣ ጸሐፊውም፣ አዳዩም እኔ ነኝ። ቴሜስካል በሚባለው ሰፈር ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች መግቢያ ላይ እቆልለዋለሁ፤ ሰው ምግቡ እስኪመጣለት ያገላብጠዋል። ብዙው አንባቢ የሚጀምረው ከኋላ ነው፤ የመጨረሻው ገጽ የሐዘን ማስታወቂያ ስለሆነ። በእነዚያ ዓመታት ገጹ በማስታወቂያ እየተጣበበ ሄደ። ፎቶግራፎቹም የወጣቶች ነበሩ። «ባደረበት ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ይላል፤ ቤተሰብ ጽፎ የሰጠኝን ነው የማትመው። ሌላውን ሁሉ አጣርቼ የማትም ሰው፣ ያን አንድ ዐረፍተ ነገር አንድም ቀን ምን ማለት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የጠየቀችኝ ሲስተር ናት። ጋዜጣ ሳድል አንዱ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። የመጨረሻውን ገጽ ዘርግታ ጠራችኝ።

«አዘጋጁ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ይሄ ሕመም ስም የለውም?»

«ቤተሰብ የሰጠንን ነው የምናወጣው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። ጋዜጣውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሻይዋን መጠጣት ቀጠለች።

ነርስ ነበረች። አገር ቤትም ነርስ ነበረች፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ኦክላንድ ውስጥ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ቫይረሱ በደማቸው ላለ ያገራችን ሰዎች ትሠራለች። አብራት የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ብዙ የምታወራ፣ ብዙ የምትስቅ ጴንጤ። ቀድሞ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ እኔም ፀጉር ሠሪዋ እላታለሁ። ለዚህ ሥራ ያሠለጠነኝ ፀጉር ቤቱ ነው ትላለች። «ጋሼ፣ ሴት ልጅ አንገቷን ወደ ኋላ ደግፋ ፀጉሯ ሲታጠብ የማትናገረው ነገር የለም። እኔ የሰማሁትን ቄስም አልሰማው።» በየፀጉር ቤቱ እየዞረች ከቅባቱ ጎን ኮንዶም የተሞላ ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። ቆርቆሮው ላይ ምንም አልተጻፈም። በሳምንቱ ስትመለስ ባዶ ታገኘዋለች። ማን እንደወሰደ አትጠይቅም።

ብዙ ጊዜ ቢሯቸው ሄጄ ተቀምጫለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ሲስተር ባል ለሚስቱ እንዲያስተረጉም አትፈቅድም። አንድ ቀን ሐኪሙ የደም ምርመራውን ውጤት በእንግሊዝኛ ሲናገር ባልየው ለሚስቱ «ደም ማነስ ነው፣ ስጋ ብዪ ነው የሚለው» ብሎ አስተርጉሞ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ለሐኪም ቤቶች ሁሉ «አፖይንትመንት ካለ እኔን ኮል አድርጉ፤ ዘመድ አታስገቡ» ብላ አስታወቀች። ሌላ ሰው ሲሆን በስልክ የሚያልቀውን ነገር እሷ በመኪናም በአውቶቡስም ሄዳ ፊት ለፊት ነው የምትጨርሰው። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ የታመሙ ሰዎች ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የምታደርገው ውኃ መጠየቅ ነው፤ በራሳቸው ብርጭቆ። ጠማኝም አልጠማኝም እጠጣለሁ ትላለች።

ቤት ለቤት ሲሄዱ ሕግ ነበራቸው። ብቻቸውን ወይ ሁለት ሆነው እንጂ ሦስት ሆነው አይሄዱም። ከረፋድ በፊት በር አያንኳኩም። መኪና ደጃፍ ላይ አያቆሙም፤ ጥቁር አይለብሱም። እኔ ይህን ሁሉ በማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩ፤ ከጎኑም «ምክንያት?» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ ስለሚበዛባቸው አልጠየቅኋቸውም። ደካማ ጋዜጠኛ የሚሠራው ስህተት ነው፤ እኔም ሠራሁት።

በዚያን ሰሞን አዲሶቹ መድኃኒቶች ወጡ። ሲስተር ለዓመታት ያሳለፈችው ሰዎችን እስኪሞቱ ማስታመም ነበር፤ አሁን ግን ሞቱን የሚያቆም ነገር እጇ ገባ። መድኃኒቱ ግን ጣጣ አለው። በየስምንት ሰዓቱ፣ ሰዓት ሳይዛነፍ፣ በባዶ ሆድና በብዙ ውኃ ነው የሚዋጠው። አንዳንዱ ሰው ጠርሙሱን ይቀበልና ፍራሽ ሥር ይደብቀዋል። ስለዚህ ሲስተር አንድ ልማድ አወጣች፤ የመጀመሪያው ኪኒን ሲዋጥ አጠገቡ ትቀመጣለች። «የመጀመሪያዋን ብቻዋን የዋጠች፣ ሁለተኛዋን ትረሳታለች» ትል ነበር።

ያን ጊዜ ተራው የአንዲት የሳን ሆዜ ሴት ነበር። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ሥራውን ያስገባቻት ያገር ልጅ ናት። የምትኖርበት ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ብዙ ያገር ሰዎች አሉ፤ እሑድ እሑድ አብረው በአንድ መኪና ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዛለች። በሦስተኛው እሺ ያለችው በአንድ ውል ነው፤ «ከሕንፃው አንድ ሰው ካወቀ መድኃኒቱን እጥለዋለሁ፣ ከዚህም አገር እሄዳለሁ።» ሲስተር ሴትየዋ እየቀለደች እንዳልሆነ ታውቃለች። የመጨረሻው ምርመራዋ ውጤት መጥፎ ነበር፤ ሦስተኛ ቀጠሮ ለመሰረዝ ጊዜ አልነበራትም።

ስለ ሥራቸው ለመጻፍ አንድ ጉብኝት ይዛችሁኝ ሂዱ ብዬ ስለምናቸው ወራት አልፈው ነበር። የሳን ሆዜዋ ሴት በስልክ ተጠይቃ፣ ስም እንዳይጻፍ፣ እስክሪብቶ እንዳይወጣ ብላ ፈቀደች። ሥራ የምትገባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ስለሆነ ኪኒኑ አንድ ሰዓት ላይ መዋጥ ነበረበት። የሲስተር መኪና ጋራዥ ስለነበረች በእኔ መኪና እንሂድ አልኩ። እንግዲህ ሕጋቸው በአንድ ጊዜ ፈረሰ፤ ማለዳ ነው፣ ሦስት ነን። የቀረውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ዝናብ ስለነበር ረጅሙን ጥቁር ኮቴን ለብሼ መጣሁ።

ሲስተር ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሌላ ኮት የለህም?»

«ምነው?»

«ተወው፤ ረፍዷል።»

ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ ወንበር ሳቀች። «ጋሼ፣ እንዲሁ ሲያዩዎት መርዶ የሚያረዱ ይመስላሉ። እኔ በሩን ብከፍትና እርስዎን ባይ ቀድሜ ነው የማለቅሰው።»

እኔም ሳቅሁ። በ880 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስንነዳ የመስታወቱ መጥረጊያ ዝናቡን አላሸንፍ ብሎ ነበር። ስንደርስ ሲስተር «ትንሽ ራቅ አድርገህ አቁም» አለችኝ፤ ዶፉን አሳየኋትና ደጃፉ ላይ አቆምኩ።

የሕንፃው ደረጃ በውጭ በኩል ነው። ሦስታችንም ራሳችንን ደፍተን፣ ድምፅ ሳናሰማ፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣን። መኪናዋን የምታሞቅ አንዲት ያገራችን ሴት አየችን። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አየኋት፤ ምን እንደሆነች ግን አልገባኝም።

የሳን ሆዜዋ ሴት ቤት ንጹሕ፣ ሞቃት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ መድኃኒትና አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ተቀምጧል። ፀጉር ሠሪዋ እንደ ልማዷ ውኃ ጠየቀች፤ ከራሷ ከሴትየዋ ብርጭቆ ጠጣችና መልሳ ሞላችው። ሲስተር የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አሥር ደቂቃ አለሽ» አለቻት። «ቸኩለሽ አትዋጪው። እያየሽው ዋጪው።»

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ከውጭ የሴት ድምፅ «እኔን፣ እህቴን፣ ማን ሞተብሽ» ይላል። በመስኮቱ መጋረጃ ጫፍ አየሁ። ስምንት ሰው ያህል ደረጃው ላይ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድ አዛውንት መቋሚያቸውን ይዘው ፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ ሌሎች እየወጡ ነው።

የሳን ሆዜዋ ሴት ወደ ሲስተር ዞረች። ፊቷ ላይ ደም የሚባል አልቀረም። «ሲስተር፣ ነገሯቸው?»

«ማንም ምንም አልነገረም» አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መርዶ መስሏቸው ነው።» ከዚያ ኮቴን አየች። አልሳቀችም።

በማስታወሻዬ ላይ «ምክንያት?» ብዬ የተውኩት ጥያቄ መልስ አገኘ። በማለዳ፣ ሦስት ሆኖ፣ ጥቁር ለብሶ ያገር ሰው ቤት የሚሄድ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ሴቶቹ ያን ሁሉ ሕግ ያወጡት ለዚህ ነበር። ማንም አልሞተም ብንላቸው ደግሞ የሚቀጥለው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ታዲያ ከኦክላንድ ድረስ በዚህ ሰዓት ምን አመጣችሁ? ያ ጥያቄ ከተጠየቀ ያቺ ሴት ኪኒኑን አትውጠውም። ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለን አራታችንም እናውቅ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ጠርሙሶቹን አንስታ ባዶ ድስት ውስጥ ከተተችና ከደነችው። ሲስተር አልተንቀሳቀሰችም። በሩ እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ ሲስተር የራስ ልብሷን ፈታች፤ ወንበሩን ትታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ክፈችላቸው» አለች። «መርዶው የኔ ነው።»

ሰዎቹ ገቡ። አዛውንቱ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ፤ ኮት የለበሰው ወንድ እኔ ነኝና መርዶው የሚጠየቀው ከእኔ ነው። «ለማን ነው የመጣችሁት ልጄ?»

በሃያ ዓመት ሥራዬ ያላጣራሁትን ነገር ተናግሬ አላውቅም። ሲስተርን አየኋት።

«ወንድሜ ነው በላቸው» አለች።

«የሲስተር ወንድም ነው» አልኩ።

ሐሰት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። በሙያዬ ብዙ የታይታ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ ይህ እንደዚያ አልነበረም። ድምፅዋ ከተዘጋ ቤት የሚወጣ ይመስል ነበር። ሴቶቹ ከበቧትና አብረዋት አለቀሱ።

«መቼ ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ሦስት ዓመቱ» አለች ሲስተር።

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ሦስት ዓመት ሙሉ ደበቃችኋት? ይሄ ነው ወግ?»

«አጥፍተናል አባባ» አልኩ። ስላልሰማሁት ዜና መዘግየት ይቅርታ ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን አሞት ነበር?»

የሚጠበቀውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሳንባ ይባላል፣ ጉበት ይባላል፣ ባደረበት ሕመም ይባላል። ሲስተር ፊቷን ጠረገችና አዛውንቱን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ኤድስ ነው አባባ። ነርስ ነኝ፤ ስለዚህ በሽታ ሰው አስተምራለሁ። የወንድሜን ግን ደበቅሁ። የደበቅሁት እኔው ነኝ፤ እነሱን አይቆጧቸው። በሥራ ቦታ ስልክ ተደውሎ ነገሩኝ፤ ስልኩን ዘግቼ ወደ በሽተኛዬ ተመለስኩ። ላንድም ሰው አልተናገርኩም፤ ምን አሞት ነበር ብለው እንዳይጠይቁኝ። ዛሬ ግን አልቻልኩም፤ እዚህ ወዳጄ ቤት ላለቅስ መጣሁ።»

በር አጠገብ የቆመ አንድ ሰውዬ ቀስ ብሎ ወጣ፤ አንዲት ሴትም ተከተለችው። ሌላ ሰው የሚወጣ መስሎኝ ቆጠርኩ። አልወጣም። የአዛውንቱ ሚስት፣ እማማ የሚሏቸው፣ ጉልበታቸውን ይዘው እየተቃሰቱ ምንጣፉ ላይ ወረዱ።

«በእንባ ይተላለፋል?» አሉ።

«አይተላለፍም እማማ።»

«እንግዲያውስ ነይ» አሉና የሲስተርን ፊት በገዛ ነጠላቸው ጠረጉ።

የሳን ሆዜዋ ሴት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። ወደ ውጭ የወጡትን ሁለቱን ሳይሆን እማማን ነበር የምታየው። ሲስተር በዚያ ለቅሶ መሐል፣ እማማ አንገት ላይ ተደግፋ፣ እጇን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእጅ ሰዓቷን አዞረች። አየችው። ለፀጉር ሠሪዋ በቅንድቧ ምልክት ሰጠች። ወንድሟን እየቀበረች የበሽተኛዋን ሰዓት ትጠብቅ ነበር። በሙያዬ ጀግና ተብለው የተሸለሙ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም።

ፀጉር ሠሪዋ «ውኃ ላምጣላቸው» ብላ ሴትየዋን ይዛት ወደ ወጥ ቤት ገባች። የድስት ክዳን ድምፅ ሰማሁ። ሲወጡ ሴትየዋ ባዶ ብርጭቆ ይዛ ነበር። አንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነበር።

ከታች ፎቅ ንፍሮ መጣ። በዚያ ጥድፊያ ስንዴ የሚቀቅል ስለሌለ ከቆርቆሮ የወጣ ሽምብራ ነበር። እማማ መጀመሪያ ለቤቱ ባለቤት ዘረጉ።

«ቅመሺ።»

ኪኒኑ ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ ሴትየዋ ዓይኗ ተንከራተተ።

«ጾም ናት፣ ይተዉአት እማማ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ዛሬ የምን ጾም ነው?»

«የራሷ ነው፤ የግል።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ጾም ማን ጠየቀሽ፣ ጴንጤ አይደለሽም እንዴ?» አሉ እማማ፣ ማዕተብ የሌለበትን አንገቷን እያዩ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሳቀ። ሲስተርም ሳቀች።

ለቅሶው ሦስት ቀን እዚያው ተቀመጠ፤ የተጀመረበት ቤት የለቅሶ ቤት ነውና። ሴቶቹ ምግብ ይዘው ይመጣሉ፣ ሐዘንተኛዋን ያጽናናሉ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃሉ። በማንኪያ ይይዛል? ቫይረሱ ያለባት እናት ታጠባለች? ባሌ አገር ቤት ከርሞ መጣ፣ ምን ልበለው? ሲስተር ጥቁር ለብሳ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለእያንዳንዷ መለሰች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሴቶች ለምርመራ ቀጠሮ ያዙ። ፀጉር ሠሪዋ ጆሮዬ ላይ «ስንት ወርክሾፕ አዳራሽ ተከራይተን ባዶ ወንበር ነው ያስተማርነው» አለችኝ። የቤቱ ባለቤት እንግዳ ታስተናግዳለች፤ በየስምንት ሰዓቱ ወጥ ቤት ትገባለች። እሷን የጠረጠረ አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ሲስተርን ነበር፤ ሲስተርም የፈለገችው ያንን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሲስተር የኮቴን እጅጌ በጣቷ ዳሰሰች።

«ኮቱ ደህና ኮት ነው፤ ለቀብር ይሆንሃል» አለች። «ወደ ሥራዬ ግን ይዘኸው አትምጣ።»

ቆየት ብላ ደግሞ «ያንተ ጋዜጣ ላይ ስለዚያ ሕመም ስጠይቅህ፣ የጠየቅሁት ራሴን ነበር» አለችኝ።

ስለ ሥራቸው ልጽፍ ያሰብኩትን ጽሑፍ አልጻፍኩም። በሚቀጥለው ወር እትም የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አንድ የሐዘን ማስታወቂያ ወጣ። ቃሉን ሲስተር ነች የነገረችኝ፤ እኔ አንድም ፊደል አልጨመርኩም። የወንድሟን ስም፣ ዕድሜውን፣ የት እንደተማረና ምን ይሠራ እንደነበር ይላል። ከዚያ «በኤድስ በሽታ ታሞ፣ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እህቱ ዛሬ ታለቅስለታለች» ይላል። ጋዜጣውን ሳድል አንድ ምግብ ቤት እንዳላስቀምጠው ከለከለኝ። ሌሎቹ ወሰዱ። ከሁለት ወር በኋላ አንዲት እናት የልጇን ፎቶግራፍ ይዛ መጣችና «እንደዚያኛው ጻፍልኝ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ምክንያት ጻፍኩ።

ሁለቱ ሴቶች ከዚያም በኋላ ዓመታት ሠሩ፤ ሁለት ሆነው፣ ከረፋድ በኋላ፣ ራቅ አድርገው እያቆሙ። የሠሩትን የሚያውቁ ሰዎች ስለማይናገሩ ማንም አመስግኗቸው አያውቅም። እኔም እስከዛሬ ዝም ብያለሁ፤ ዝምታውን ማፍረስ የምትችለው የሳን ሆዜዋ ሴት ብቻ ስለሆነች።

ይህን ልጽፍ ስነሣ ደወልኩላት። ጤነኛ ናት፤ ትሠራለች፤ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው የምትኖረው። ስም ከሌለበት ጻፈው አለችኝ። ከዚያ ስለዚያ የሐዘን ማስታወቂያ አነሣች። ከጋዜጣው ቆርጣ ፍሪጅ ላይ ለጥፋው ነበር፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ አሁንም እዚያው ነው።

«ሰው ሲመጣ ያነበዋል» አለች። «የሲስተር ወንድም ነው እላለሁ፤ ነፍስ ይማር ይላሉ። ሰዓቴ ሲደርስ ፊታቸው ቆሜ ኪኒኔን እውጣለሁ። እማማ ቫይታሚን ይመስላቸዋል። ባለፈው ‹ለኔም አንድ ስጪኝ› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ጾም ነዎት አልኳቸው።»